ካርድ ሞልተው ሳይደውሉ ሲያልቅ፦ የቅድመ ክፍያ ስልክ ሒሳብና ዳታ እንዴት እንደሚቆረጥ

መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት ጎረቤቴ ስልካቸውን እንደያዙ በራችን ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ትናንት ማታ የ100 ብር ካርድ ሞልቼ ተኛሁ። አሁን ለእህቴ ልደውል ስል ሒሳብዎ በቂ አይደለም ይለኛል። ለማንም አልደወልኩም። ገንዘቤን ማን በላው?»

«ይግቡ እትዬ፣ አብረን እንየው» አልኳቸውና ደረጃው ላይ ተቀምጠን የመልእክት ሳጥናቸውን ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርን። ከሳምንት በፊት ልጃቸው የዳታ ጥቅል ገዝታላቸው ነበር። የግዢው መልእክት ጥቅሉ የሚያበቃበትን ጊዜ በግልጽ ጽፎታል፦ 2025-03-10፣ 03:10። ልጅቱ ይህን አንብባ «እስከ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ይሠራል» ብላቸዋለች። መልእክቱ ግን በአውሮፓ ሰዓት ነው፤ 03:10 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው። እሳቸው ተኝተው፣ ዳታው ተከፍቶ፣ ጥቅሉ በሌሊት ሞተ። ስልኩ ደግሞ ሰው ሲተኛ ነው መተግበሪያዎቹን የሚያድሰው። ጥቅል ስላላገኘ ከ100 ብሩ እየቆረጠ ሥራውን ጨረሰ።

ሌባ የለም፣ የተበላሸ ነገርም የለም። የ100 ብር ካርድ ግን ለአንዲት ጋጋሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ በዚህ መንገድ መጥፋቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእሳቸው ያስረዳሁትን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማስቀመጥ ነው።

ኪሶቹን ይለዩ

በቅድመ ክፍያ ስልክ ውስጥ ያለው ገንዘብ አንድ ቦታ የተቀመጠ ይመስለናል። በእርግጥ ያለው በተለያዩ ኪሶች ነው። የመጀመሪያው ዋናው ሒሳብ ነው፤ ካርድ ሲሞሉ ብሩ የሚገባው እዚህ ነው፤ ለማንኛውም አገልግሎት ይውላል። ሁለተኛው ጥቅል ነው፤ አስቀድመው የገዙት ደቂቃ፣ መልእክት ወይም ሜጋባይት ሲሆን ለተገዛበት አገልግሎት ብቻ፣ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ብቻ ይሠራል። ሦስተኛው ቦነስ ነው፤ ካርድ ሲሞሉ ወይም በበዓል ሰሞን የሚሰጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው፤ አንዳንዱም በአንድ ኩባንያ ቁጥሮች መካከል ለመደወል ብቻ ያገለግላል።

እርስዎ ሲደውሉ ወይም ኢንተርኔት ሲከፍቱ ከየትኛው ኪስ እንደሚወሰድ የሚወስነው የኩባንያው የሒሳብ ሥርዓት ነው። በተለምዶ መጀመሪያ ለዚያ አገልግሎት የተገዛ ጥቅል ወይም ቦነስ መኖሩን ያያል፤ ካለ ከዚያ ይቀንሳል። ካለቀ ወይም ጊዜው ካለፈ በብዙ መስመሮች ላይ ሳይጠይቅ ወደ ዋናው ሒሳብ ይሻገራል። የጎረቤቴ 100 ብር የጠፋው በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው፤ «ብሬ ተበላ» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹም ጉዳያቸው ሲፈተሽ እዚሁ ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ኪሶቹን ማየት ነው። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *804# ብለው ይደውሉ፤ በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስመር *704# ነው። እነዚህ የኮከብ ቁጥሮች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ዳታዎ ጠፍቶም፣ ስልክዎ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ቢሆንም መልስ ይሰጣሉ። የሚመጣውን መልስ እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ብዙ ሰው የብሩን ቁጥር አይቶ ስልኩን ይዘጋል። ከብሩ በኋላ ዋናው ሒሳብ የሚያገለግልበት ቀን፣ ቀጥሎም እያንዳንዱ ጥቅል ምን ያህል እንደቀረውና መቼ እንደሚያበቃ ይጻፋል። ካርድም ራሱ የአገልግሎት ዘመን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ብሩ ተቀምጦ እያለ መደወል ላይችሉ ይችላሉ።

ሰዓቱን ወደ እኛ ይመልሱ

ይህን ለብቻው ያነሳሁት በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ስለማይነግርዎ ነው። የማብቂያ ጊዜው በአውሮፓ ቀንና ሰዓት ሲጻፍ እንዲህ ይመልሱት። ሰዓቱ ከ06:00 እስከ 18:00 ድረስ ከሆነ 6 ይቀንሱ (በየትኛውም ቅነሳ ሰዓቱ 0 ከመጣ 12 ይበሉት)፤ 14:35 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35 ነው። ከ18:00 በላይ ከሆነም መጀመሪያ 6፣ ከዚያ 12 ይቀንሱ፤ 23:59 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ይሆናል። ከ00:00 እስከ 05:59 ከሆነ ግን 6 ይጨምሩ፤ 03:10 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው።

የመጨረሻው ዓይነት ነው አደገኛው። በአውሮፓ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ «ማርች 10» የሚለው የእነሱ ቀን የሚጀምረው እኛ ገና የማታውን እንቅልፍ ሳንጠግብ ነው። መልእክቱ ላይ ነገ የሚለውን ቀን አይተው «ነገን ይዞኛል» ብለው ከተኙ፣ ሲነጋ ጥቅሉ የለም። ቀኑን ስትቀይሩም ልብ በሉ፤ ለምሳሌ 2025-03-10 በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን አቆጣጠር የያዘ የግድግዳ ካሌንደር ካለዎት ጥቅል በገዙ ቁጥር ማብቂያውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

በተጨማሪ «የቀን ጥቅል» የሚለው ስም ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንዱ ከገዙበት ደቂቃ ጀምሮ 24 ሰዓት ይቆጥራል፤ አንዳንዱ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢገዙት ያገኙት የ3 ሰዓት አገልግሎት ነው። ከመግዛትዎ በፊት የምናሌውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ከገዙ በኋላም የማረጋገጫውን መልእክት አለመሰረዝ ያስፈልጋል።

ጥሪ እንዴት ይቆረጣል

የመደወያውን ቁልፍ ሲጫኑ አውታረ መረቡ መጀመሪያ የሒሳብ ሥርዓቱን «ይህ ቁጥር ለመደወል የሚበቃ ገንዘብ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ከሒሳቡ ትንሽ ቁራሽ ለጥሪው ይያዛል፤ ያ ቁራሽ ሲያልቅ ሌላ ይጠየቃል፤ ጥሪው ሲዘጋ ያልተጠቀሙበት ይመለሳል። ጥሪው እየተካሄደ ሳለ ሒሳብ ቢያዩ ቁጥሩ ትክክለኛ ላይመስል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩ ሲጠራ አይቆረጥም፤ መቁጠር የሚጀምረው ወዲያ ማዶ ሲነሳ ነው።

ቀጥሎ ማወቅ ያለብዎት የመቁጠሪያውን ልክ ነው፤ በሰከንድ ነው ወይስ በደቂቃ? ለስሌት እንዲመች የማንም ኩባንያ ታሪፍ ያልሆነ ዋጋ እንውሰድ፤ ደቂቃው 60 ሳንቲም ይሁን። 61 ሰከንድ አወሩ። በሰከንድ የሚቆጥር ታሪፍ 61 ሳንቲም ይቆርጣል። በደቂቃ የሚቆጥር ታሪፍ ግን ሁለተኛዋ ደቂቃ ስለተጀመረች 1 ብር ከ20 ይወስዳል። የጎረቤቴ ጥሪዎች «እንጀራው ደርሷል፣ ልጁን ላኪው» ዓይነት ናቸው፤ 20 ሰከንድ አይሞሉም። እንዲህ ያሉ 10 ጥሪዎች በሰከንድ ሲቆጠሩ ቢበዛ 2 ብር፣ በደቂቃ ሲቆጠሩ 6 ብር ናቸው። አጫጭር ጥሪ የሚያበዛ ሰው የደቂቃውን ዋጋ ብቻ አይቶ ታሪፍ መምረጥ የለበትም።

የሚደውሉለት ሰው መስመርም ለውጥ ያመጣል። ለረጅም ዘመን ባገሩ አንድ ኩባንያ ብቻ ስለነበር ይህ ጥያቄ አልነበረም። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ ግን በ09 የሚጀምር ቁጥር ለኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምር ለሳፋሪኮም ሆኗል። አንዳንድ የድምፅ ጥቅሎች የሚያገለግሉት ወደ ራሳቸው ኩባንያ ቁጥሮች ብቻ ነው። 100 ደቂቃ ገዝተው ወደ ሌላው ኩባንያ ቢደውሉ ጥቅሉ ሳይነካ ዋናው ሒሳብ ይቆረጣል። ጥቅል ሲገዙ «ለሁሉም» ወይም «በአንድ ኩባንያ መካከል» የሚለውን ይመልከቱ።

ይህን ሁሉ በራስዎ ስልክ ማረጋገጥ ይቻላል። ጥቅል በሌለበት ጊዜ ሒሳብዎን አይተው ይጻፉ፤ ለአንድ ሰው ደውለው ልክ 30 ሰከንድ ያውሩ፤ ከዘጉ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይዩ። ልዩነቱ ታሪፍዎን ይነግርዎታል። ጎረቤቴ አሁን ይህን የሚጽፉት የእንጀራ ዱቤ በሚመዘግቡበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ በግራ በኩል ቀን፣ በመሐል ከመደወል በፊት የነበረው፣ በቀኝ የቀረው።

የአማርኛ መልእክት ለምን ቶሎ ይሞላል

አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰፊ ቦታ በሚወስድ ኮድ ስለሚላኩ ነው። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። 71ኛዋን ፊደል ሲጨምሩ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚያስፈልግም እያንዳንዱ የሚይዘው ወደ 67 ይወርዳል። ሒሳቡ የሚቆረጠው እንደ ሁለት መልእክት ነው።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ለ30 ዘመድ የሚላክ «እንኳን አደረሳችሁ» 75 ፊደል ቢሆን የሚከፈለው ለ60 መልእክት ነው። አምስት ፊደል ቢያሳጥሩት ወደ 30 ይመለሳል። ብዙ ስልኮች በመጻፊያው ጥግ ላይ የቀረውን ቁጥር ያሳያሉ፤ እሱን እያዩ መጻፍ ነው። በላቲን ፊደል በተጻፈ ረጅም መልእክት መሐል አንዲት የግእዝ ፊደል ብቻ ብትገባም መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ልክ ይወርዳል። በአንጻሩ አማርኛ በራሱ ፊደል ሲጻፍ አጭር ነው። «እንደምን አደርክ» በእኛ ፊደል ከነክፍት ቦታው 10 ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ግን 13 ይሆናል፤ አናባቢው ፊደላችን ውስጥ ስላለ። ስለዚህ በፊደላችን መጻፋችንን ለገንዘብ ብለን መተው አይገባንም፤ ማሳጠር ይበቃል።

ዳታ፦ ብዙው ገንዘብ የሚሄድበት

የዳታ መለኪያው ባይት ነው፤ 1024 ኪሎባይት 1 ሜጋባይት፣ 1024 ሜጋባይት 1 ጊጋባይት ነው። የሚቆጠረው ወደ ስልክዎ የሚገባው ብቻ አይደለም፤ የሚልኩትም ይቆጠራል። የሰርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ሲልኩ ተቀባዩም እርስዎም ትከፍላላችሁ።

የየአገልግሎቱን ክብደት በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። የጽሑፍ መልእክት በኢንተርኔት መላክ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መደበኛ ጥራት ያለው ሙዚቃ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲመጣ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይወስዳል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ በድምፅ ማውራት በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ቪዲዮ ግን ሌላ ዓለም ነው። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ማየት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ፣ በ1080 ጥራት ደግሞ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። በስልክ ትንሽ መስታወት ላይ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን ብዙም አያየውም፤ ሒሳቡ ግን ያየዋል። አጫጭር ቪዲዮ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ደግሞ እርስዎ አንዱን ሲያዩ ቀጣዩን አስቀድመው ያወርዳሉ፤ ያላዩትንም ይከፍላሉ ማለት ነው።

አውታረ መረቡ ዳታን የሚሰጠው እንደ ጥሪው በቁራሽ ነው። ለስልክዎ የተወሰነ መጠን ይፈቀዳል፤ ሲያልቅ እንደገና ይጠየቃል። «80 በመቶ ተጠቅመዋል» የሚለው መልእክት አንዳንዴ ዘግይቶ የሚደርስዎ፣ ቪዲዮ እያዩ ከሆነም መልእክቱን ሳያነቡት ጥቅሉ የሚያልቀው ለዚህ ነው። በማስጠንቀቂያው ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም።

አሁን ወደ መሻገሪያው እንመለስ። ለምሳሌ 1 ጊጋባይት ጥቅል በ50 ብር ገዙ እንበል፤ አንዱ ሜጋባይት ወደ 5 ሳንቲም ይደርሳል። ከጥቅል ውጭ ያለው ዋጋ 25 ሳንቲም ቢሆን፣ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። 200 ሜጋባይት የሆነ አንድ የመተግበሪያ እድሳት በጥቅል 10 ብር፣ ከጥቅል ውጭ 50 ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ ከጥቅል ውጭ ያለው ዳታ ከጥቅሉ ይልቅ በብዙ እጥፍ መወደዱ ግን እውነት ነው።

መሻገሪያውን ለመዝጋት የሚከተለውን ያድርጉ፤ በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃል።

1. የሞባይል ዳታውን ሲተኙ ያጥፉ። ጥቅል የሌለዎት ቀን ደግሞ ከናካቴው አይክፈቱት። ካርድ ከመሙላትዎ በፊት ዳታው ጠፍቶ መሆኑን ይዩ፤ ብሩ ሲገባ ተጠባባቂ የሆኑ መተግበሪያዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሱ።

2. በአንድሮይድ ስልክ ቅንብሮች ውስጥ ገብተው «አውታረ መረብ እና በይነመረብ» የሚለውን ይክፈቱ። የአማርኛው ገጽ ዳታን «ውሂብ» ይለዋል። እዚያ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ «ውሂብ ቆጣቢ» የሚለውን ያብሩት፣ ቀጥሎም ጥቅልዎን ያህል የውሂብ ገደብ ያስቀምጡ። ጥቅልዎ 1 ጊጋባይት ከሆነ ገደቡን 950 ሜጋባይት ያድርጉት፤ የስልኩና የኩባንያው ቆጠራ ሁልጊዜ ልክ ለልክ ስለማይገጥም ትንሽ ትርፍ ይተዉ። ገደቡ ላይ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ዳታውን ይዘጋል። አይፎን ላይ እንዲህ ያለ መዝጊያ የለም፤ ዳታ የሚቀንሰውን ስልት ማብራትና ለየመተግበሪያው የሞባይል ዳታን መከልከል ይቻላል።

3. የመተግበሪያ መደብሩን ከፍተው እድሳት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያዝዙት። ፎቶዎችን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚልከውንም እንዲሁ።

4. ቴሌግራም ውስጥ ስለ ዳታና ማከማቻ በሚናገረው ክፍል፣ በሞባይል ዳታ ጊዜ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ ያጥፉት። ዋትስአፕም ተመሳሳይ አለው። በሺህ የሚቆጠር አባል ባላቸው ሦስት አራት ቻናሎች ውስጥ ያለ ሰው ይህን አንድ ቅንብር ሲለውጥ ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ ያየዋል።

5. ስልክዎን ለኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲያካፍሉ ኮምፒውተሩ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያለ ሐሳብ ሙሉ እድሳት ማውረድ ይጀምራል። ዊንዶውስ ላይ ያንን ግንኙነት የሚለካ ወይም የተወሰነ ግንኙነት ብለው ያስመዝግቡት።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የምመክረው አንድ ዘዴ አለ፤ ዋናውን ሒሳብ ባዶ ማድረግ። ካርድ ሞልቶ ከዚያ ጥቅል ከመግዛት ይልቅ ጥቅሉን በቀጥታ ከቴሌብር ወይም ከኤምፔሳ ይግዙ። ገንዘቡ ከሞባይል ገንዘብ ሒሳብዎ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጥቅል ይቀየራል፤ በዋናው ሒሳብ ውስጥ አያልፍም። ጥቅሉ ሌሊት ቢሞትም የሚሻገርበት ገንዘብ ስለሌለ ዳታው ይቆማል፣ ያ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ቴሌብር በ*127# ይሠራል። ዋናው ሒሳብ ባዶ ሆኖ ድንገት መደወል ቢያስፈልግ በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *807* ብለው ቁጥሩንና # አስከትለው «ደውልልኝ» መላክ ይቻላል። ለጎረቤቴ ያደረግኩላቸው ይህን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሌሊት የጠፋ ብር የለም።

ጥቅል መምረጥ

ምናሌው በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777# ነው። የታሪፍ ወሬን በትዝታ አይያዙ። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ታሪፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ተንቀሳቅሷል። ዋጋው የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አጠቃልሎ መሆኑንም ይመልከቱ።

ትልቅ ጥቅል በሜጋባይት ሲሰላ ይረክሳል። ይሁን እንጂ የሚረክሰው ለሚጨርሰው ሰው ነው። የ10 ብር የቀን ጥቅል በየቀኑ ቢገዛ በወር 300 ብር ነው፤ ስለዚህ የ200 ብር የወር ጥቅል ይሻላል እንላለን። ኢንተርኔት የምትፈልገው በገበያ ቀን ብቻ የሆነች ነጋዴ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወር ቢበዛ ዘጠኝ ጊዜ ትገዛለች፤ 90 ብር ይበቃታል። የሌሊት ጥቅል ደግሞ ዋጋው ማራኪ ነው፤ ለሚያጠና ተማሪ ጥሩ ነው፤ የሰዓቱን ድንበር ካለፉ ግን ከየትኛው ኪስ እንደሚቆረጥ አሁን ያውቁታል። አንዳንድ ጥቅሎች ሳያበቁ ቢታደሱ የተረፈውን ያስተላልፋሉ፤ ይህም በማረጋገጫው መልእክት ላይ ይጻፋል።

ሌሎች ቀዳዳዎች

ዳታ ጠፍቶ፣ ሳይደወል፣ በየቀኑ አንድ ሁለት ብር ከቀነሰ የአጭር ቁጥር አገልግሎት ተመዝግቧል ማለት ነው፤ የጤና ምክር፣ ጥቅስ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር ወይም የጥሪ ማሳመሪያ። በቀን 2 ብር በወር 60 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚመዘገበው ሳያውቀው ነው፤ የደወለለትን ሰው ማሳመሪያ እየሰማ አንድ ቁልፍ ነክቶ፣ ወይም «እሺ ብለው ይላኩ» ለሚል መልእክት መልሶ። በመልእክት ሳጥንዎ ውስጥ ከሦስትና አራት አኃዝ ቁጥሮች የሚመጡትን ይፈልጉ፤ ለዚያው ቁጥር ስቶፕ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ይመልሱ፤ የመሰረዣ ማረጋገጫ እስኪመጣ ይጠብቁ።

50 ብር ሞልተው 35 ብቻ ከገባ ደግሞ ቀድሞ የተወሰደ የካርድ ብድር አለ። በ*810# የሚገኘው ብድር በቀጣዩ ካርድ ላይ ከነአገልግሎት ክፍያው ይቆረጣል። ለጭንቅ ቀን ጠቃሚ ነው፤ በየሳምንቱ የሚበደር ሰው ግን በየሳምንቱ ክፍያውን ይጨምራል። ልጆች ስልኩን ይዘው ከተበደሩም ባለቤቱ የሚያውቀው ካርድ የሞላ ቀን ነው።

ከማያውቁት የውጭ አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ ጥሪ ካዩ መልሰው አይደውሉ። እነዚያ ጥሪዎች እርስዎ ውድ ወደሆነ ዓለም አቀፍ መስመር እንዲደውሉ የተዘረጉ ወጥመዶች ናቸው። «በስህተት ካርድ ላክሁልዎ፣ ይመልሱልኝ» የሚልም ይመጣል፤ መልእክቱን አይመኑ፣ መጀመሪያ *804# ብለው ብሩ በእርግጥ መግባቱን ይዩ። ካርድ በ*806* ሲያስተላልፉም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ የተላለፈን ካርድ ማስመለስ አስቸጋሪ ነው።

ከውጭ ካርድ የሚልኩ ወገኖችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቁጥሩ በ251 ሲጀምር የፊተኛው 0 ይወድቃል፤ 09 የነበረው 2519 ይሆናል። ካርድ ብቻ ሲልኩ ገንዘቡ የሚገባው ዋናው ሒሳብ ውስጥ ነው፤ እናትዎ ዳታ ክፍት አድርገው የሚተኙ ከሆነ ቀጥታ ጥቅል የሚልክ አማራጭ ካለ እሱን ይምረጡ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት የውጭ አገር ዳታ መጠቀሚያውን ይዝጋ። ሳይጓዙም ይህ የሚያጋጥምበት ቦታ አለ፤ እንደ ሞያሌ ባሉ የድንበር ከተሞች ስልኩ የጎረቤት አገር ምልክት ሊይዝ ይችላል። እዚያ የሚኖር ሰው አውታረ መረቡን በራሱ እጅ ቢመርጥ ይሻላል።

ቅሬታ ሲኖርዎ

ይህን ሁሉ ፈትሸው ምክንያቱ ካልተገኘ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994፣ የሳፋሪኮም 700 ነው። «ብሬ ጠፋ» ብቻ ካሉ የሚሰጡት መልስ አጠቃላይ ይሆናል። ይልቁንስ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የነበረውን ቀሪ ሒሳብ፣ በሥራ ላይ የነበረውን ጥቅል ይንገሩ። ሰዓቱን ሲናገሩ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ይጨምሩ። ከየትኛው ሒሳብ፣ ለምን አገልግሎት እንደተቆረጠ ዝርዝሩን ይጠይቁ፤ ጥሪ፣ ዳታ ወይስ አጭር ቁጥር መሆኑ በሥርዓቱ ላይ ይታያል። የቅሬታ መለያ ቁጥር ተቀብለው ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ኩባንያው ካልፈታልዎ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘርፉን የሚቆጣጠር መንግሥታዊ አካል ነው፤ ቅሬታዎን ይዘው ሲሄዱም ያንኑ መለያ ቁጥርና መጀመሪያ ለኩባንያው ያመለከቱበትን ቀን ይዘው ይቅረቡ።